ሐረጎን ለሚወጡ የናፍጣ መኪኖች፦ ኢጂአርንና ካታሊስትን አስተካክሎ ናይትሮጅን ኦክሳይድን የመቀነስ ዝርዝር መመሪያ

ጥቁር ጭስ የሚተፋ መኪና ሁሉም ያየዋል። ናይትሮጅን ኦክሳይድ ግን አይታይም። እንዲያውም በብዛት የሚወጣው ሞተሩ አምሮበት፣ ጭሱ ጠርቶ፣ ሙሉ ጭነቱን ይዞ የሐረጎን አቀበት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ ነው። ሲሊንደር ውስጥ ያለው ነበልባል ከ1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ፣ በሌላ ጊዜ ከምንም ጋር የማይዋሀደው የአየር ናይትሮጅን ከኦክስጅን ጋር ይጣመራል። መካኒኮች ባጭሩ ኖክስ የሚሉት ይህ ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ኮምቦልቻ ደግሞ በተራራ የተከበበች ሜዳ ናት፤ ነፋስ በሌለበት ጠዋት ከደረቅ ወደቡና ከፋብሪካዎቹ የሚነሱ መኪኖች ጭስ እዚያው ተኝቶ ይቆያል።

ኖክስን የመቀነሻ መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው እንዳይፈጠር ማድረግ ነው። ኢጂአር ከተቃጠለው ጭስ የተወሰነውን አቀዝቅዞ ወደ አየር ማስገቢያው ይመልሳል፤ በዚህም ኦክስጅኑ ይቀንሳል፣ ነበልባሉም ይበርዳል። ሁለተኛው ከተፈጠረ በኋላ ማጥፋት ነው። በኤስሲአር አድብሉ የሚባለው ፈሳሽ በጋለው የጭስ ቱቦ ውስጥ ይረጫል፣ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፣ አሞኒያው ጭስ ቱቦው ላይ ባለው ካታሊስት (ጋዙን የሚለውጥ ዕቃ) ውስጥ ከኖክስ ጋር ተገናኝቶ ተራ ናይትሮጅንና የውሃ እንፋሎት ይሆናል።

በዚህ አካባቢ ሁለቱም ዘዴዎች ቶሎ የሚበላሹት በመንገዱ ጠባይ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1850 ገደማ፣ በባቲ ወርደው የሚያገኙት ሚሌ 500 ሜትር ገደማ ነው። አንድ መኪና በአንድ ቀን በሦስት ዓይነት አየር ውስጥ ይሠራል። ስለዚህ ለባሕር ዳርቻ ሀገር የተጻፈ የጥገና መጽሐፍ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ ወስዶ እዚህ ዕቃ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

መኪናው ምን እንዳለው መለየት

ሰማያዊ ክዳን ያለው ሁለተኛ ታንክ ካለ ኤስሲአር አለው። ከጭስ ማኒፎልዱ ተነስቶ፣ የራዲያተር ውሃ በሚያልፍበት ኩለር በኩል ዞሮ ወደ አየር ማስገቢያው የሚገባ ወፍራም የብረት ቱቦ ካለ ደግሞ ኢጂአር አለው። ሁለቱም ያላቸው አሉ፤ አንዱን ብቻ የያዙም ብዙ ናቸው።

የመኪናውን የዩሮ ደረጃ (የአውሮፓ የጭስ ገደብ) በር ላይ ወይም ሞተሩ ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ አንብቡ። ለከባድ መኪና የሚፈቀደው ኖክስ በኪሎዋት ሰዓት ሲሰላ በዩሮ 2 እስከ 7.0 ግራም፣ በዩሮ 3 እስከ 5.0፣ በዩሮ 4 እስከ 3.5፣ በዩሮ 5 እስከ 2.0፣ በዩሮ 6 ደግሞ እስከ 0.4 ግራም ነው። ሀገራችን ውስጥ በብዛት የሚሠሩት ዩሮ 2 ሲኖትራኮች የአድብሉ ሥርዓት የላቸውም፤ ከሌላ መኪና አውጥቶ ለመግጠም መሞከርም ፋይዳ የለውም፣ ረጪውን የሚያዝ ኮምፒውተር የለምና።

ለእነዚህ አሮጌ ሞተሮች ሦስት ሥራ በቂ ነው። አንደኛ፣ የናፍጣ ፖምፓውን ታይሚንግ አምራቹ በጻፈው ዲግሪ ላይ መልሱ። «ጉልበት እንዲሰጥ» ተብሎ የተቀደመ ታይሚንግ ኖክስን ከሚጨምሩ ነገሮች ዋነኛው ነው። ሁለተኛ፣ ኢንተርኩለሩን (ወደ ሞተር የሚገባውን አየር ማቀዝቀዣ) አጽዱ። የአፋር አቧራ ከዘይት ጋር ተለውሶ ክንፎቹን ሲደፍን ወደ ሞተር የሚገባው አየር ይሞቃል፣ ነበልባሉም አብሮ ይሞቃል። ሦስተኛ፣ የኢንጄክተሮቹን የመርጫ ግፊት በመፈተሻ ማሽን አስተካክሉ። የሚቀጥለው ሁሉ ኢጂአር ወይም ኤስሲአር ላላቸው ነው።

ብሎን ከመንካት በፊት መለካት

የሚያስፈልገው፦ በሥራ ላይ ያሉ ቁጥሮችን የሚያሳይ ስካነር (የስህተት ኮድ ብቻ የሚያነበው አይበቃም)፣ መልቲሜትር፣ ለአድብሉ የተሠራ ሪፍራክቶሜትር (የዩሪያውን መጠን የሚለካ)፣ 500 ሚሊሊትር የሚይዝ ምልክት ያለው የፕላስቲክ መለኪያ፣ ቶርክ ቁልፍ፣ አምስት ሊትር አሲድ የሌለበት ዲስትልድ ውሃ፣ አዲስ ጓርኒሲዮኖች (የመጋጠሚያ ማሸጊያዎች)።

መጀመሪያ ቁልፉን ከፍታችሁ ሞተሩን ሳታስነሡ የከባቢ አየር ግፊቱን በስካነሩ አንብቡ። ኮምቦልቻ ላይ 81 ኪሎፓስካል ገደማ፣ ደሴ ላይ 75 ገደማ መሆን አለበት። ደሴ ቆማችሁ 98 የሚያሳይ ከሆነ ሴንሰሩ ውሸታም ነው። ኮምፒውተሩ ባሕር ዳር ያለ መስሎት ናፍጣም ኢጂአርም ያበዛል፤ ሌላውን ሁሉ ከመመርመራችሁ በፊት እሱን ቀይሩ።

ቀጥሎ የአየር መለኪያውን ቁጥር ተመልከቱ። ብዙ መካኒክ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባለ 3 ሊትር አራት ሲሊንደር ሞተር ብንወስድ እያንዳንዱ ሲሊንደር 0.75 ሊትር ይስባል። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ)፣ ኢጂአሩ ተዘግቶ፣ በባሕር ጠለል ላይ ይህ በአንድ ምት 790 ሚሊግራም አየር ገደማ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ያው ጤነኛ ሞተር 625 ገደማ፣ ደሴ ላይ 590 ገደማ ነው የሚስበው። መጽሐፉ ላይ 750 እና ከዚያ በላይ የሚል አንብቦ «አየር መለኪያው ሞቷል» ብሎ ማስቀየር የተለመደ ነው፤ የሞተ ነገር ግን የለም፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። ለሌላ ሞተር ለማስላት የአንዱን ሲሊንደር ይዘት በሊትር ወስዳችሁ ለኮምቦልቻ በ830፣ ለደሴ በ785 አባዙት። ውጤቱ ከዚህ በ10 በመቶ ቢወጣ ቢወርድ ችግር የለውም።

የራዲያተሩን ውሃ ሙቀትም አትዝለሉ። ሞተሩ ሲሠራ ከ82 እስከ 90 ዲግሪ መሆን አለበት። ሐረጎ ላይ እንዳይፈላ ተብሎ ቴርሞስታቱ የወጣለት መኪና ቁልቁለቱን ሲወርድ 60 ላይ ይቀራል። ይህ የኢጂአርም የካታሊስትም ጠላት ነው፦ በቀዘቀዘ ሞተር ጥቀርሻው እርጥብ ሆኖ ይለጠፋል፣ የጭሱም ሙቀት አድብሉን ለመርጨት አይበቃም። የሚፈላ መኪና የሚፈወሰው ራዲያተሩ ሲታጠብና የፋኑ ክላች ሲሠራ እንጂ ቴርሞስታት ሲጣል አይደለም።

ኢጂአርን መፈተሽና ማጽዳት

ስካነሩ ላይ ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን አውጡ፦ ኮምፒውተሩ ያዘዘውን የቫልቭ መክፈቻና ቫልቩ በእርግጥ የደረሰበትን። ልዩነቱ ከ5 በመቶ ካለፈ ቫልቩ ይጣበቃል። ከዚያ በስካነሩ ትእዛዝ ቫልቩን በሚኒሞ ክፈቱትና የአየር መለኪያውን እዩ። ጭስ ሲገባ የንጹሕ አየሩ ቁጥር በግልጽ መውረድ አለበት፤ ካልወረደ ቫልቩ ቢከፈትም መንገዱ ተደፍኗል። ፒ0401 የሚለው ኮድ አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ነው የሚናገረው። ፒ0402 ደግሞ ቫልቩ ሳይዘጋ ቀርቶ ጭስ ሲበዛ ይመጣል፤ ምልክቱም መኪናው አቀበት ላይ መድከሙና ማጨሱ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ብዙ ኮምፒውተሮች ከፍታ ሲጨምር ኢጂአሩን ራሳቸው ይቀንሳሉ ወይም ይዘጋሉ፣ በስስ አየር ላይ ጭስ ከተጨመረ ሞተሩ ስለሚታፈን። ደሴ ላይ በጉዞ የታዘዘው ዜሮ ከሆነ ብልሽት አይደለም። ኮምቦልቻ ወይም ከዚያ በታች ወርዳችሁ ድገሙት። የዚህ ትርጉም ትልቅ ነው፦ በሐረጎ አቀበት ኖክስን የመያዙ ሸክም በአብዛኛው በካታሊስቱ ላይ ይወድቃል።

ማጽዳት ካስፈለገ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ጎማውን በድንጋይ አግዱ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። ኤስሲአርም ካለው ቁልፉን ዘግታችሁ ባትሪውን ከመንቀላችሁ በፊት የአድብሉ ፓምፕ ድምፅ እስኪቆም ጠብቁ፤ ምክንያቱ ወደኋላ ይመጣል።

2. ኩለሩ አብሮ የሚወርድ ከሆነ የራዲያተሩን ውሃ በንጹሕ ዕቃ ቅዱ፤ ዘይት ወይም ጥቀርሻ ተንሳፍፎበት ካያችሁ ኩለሩ ወይም የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን አፍስሷል።

3. የኢጂአር ብሎኖች በሙቀት ይነክሳሉ። ከመፍታታችሁ ከሰዓታት በፊት ማላቀቂያ ዘይት ቀቡ። እምቢ ካለ ወደ ማጥበቂያው በትንሹ አንቀሳቅሳችሁ ወደ መፍቻው መልሱ፤ በረጅም ቱቦ ማስገደድ ብሎኑን ቴስታታው ውስጥ ሰብሮ ያስቀራል።

4. ቫልቩን የራሱ ኤሌክትሪክ ሞተር ወደ ላይ፣ አፉ ወደ ታች አድርጋችሁ ያዙት። የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ እየረጫችሁ፣ በናይለን ብሩሽና በእንጨት ፍቁ። ፈሳሹ ወደ ኤሌክትሪክ ሞተሩ ከፈሰሰ ቫልቩን ገደላችሁት። በካቻቢቴ አስገድዶ መክፈት ውስጡ ያለውን የፕላስቲክ ጥርስ ይበላል፤ ከጽዳት በኋላ «እንዲያውም ባሰበት» የሚባለው በዚህ ነው። ኮስቲክ ሶዳም አትጠቀሙ፣ አልሙኒየም ይበላል።

5. ኩለሩን ፈትሹ። የውሃ መግቢያና መውጫውን ድፈኑ፣ በአንደኛው በኩል 2 ባር አየር ስጡ፣ 70 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ ለአሥር ደቂቃ ንከሩት። በቀዝቃዛ ውሃ የሚፈትሹት ብዙ ጊዜ ይታለላሉ፤ ስንጥቁ የሚከፈተው ብረቱ ሲሞቅ ነው። አንዲት ተከታታይ አረፋ ከጭስ መንገዱ ከወጣች ኩለሩ ይቀየራል። በብየዳ የተደፈነ ኩለር አቀበት ላይ ከተከፈተ ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ይገባና ኮንሮዱን ያጣምማል። የቀደሙ ምልክቶቹ ውጭ ሳይፈስ የሚጎድል ውሃና ጠዋት ሲነሣ የሚታይ ነጭ ጭስ ናቸው።

6. የአየር ማስገቢያ ማኒፎልዱን ጎንበስ ብላችሁ ውስጡን እዩ። ጥቀርሻው ደረቅ ዱቄት ከሆነ ጥሩ ነው። እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ ከሆነ ከሞተሩ መተንፈሻ ወይም ከተርቦው ዘይት እየመጣ ነው፤ ምንጩ ካልተዘጋ ያጸዳችሁት ቫልቭ ተመልሶ ይደፈናል።

7. ጓርኒሲዮኖቹን ሁሉ በአዲስ ቀይሩ፤ ሲሊኮን ሙቀቱን አይችልም። 8 ሚሊሜትር ብሎኖች ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 25 ኒውተን ሜትር ይጠበቃሉ፤ ለሞተራችሁ የተጻፈ ቁጥር ካለ እሱ ይቅደም።

8. ውሃውን ሞልታችሁ አየሩን አውጡ፣ ከዚያ በስካነሩ የቫልቩን የመማሪያ ትእዛዝ አስጀምሩ። ይህን የዘለለ ሰው ኮምፒውተሩ የድሮውን የተዘጋ ቦታ እያስታወሰ በሚኒሞ ላይ ሲንቀጠቀጥበት ያገኘዋል።

ቆርቆሮ ቆርጦ ኢጂአሩን መድፈን በየጋራዡ የሚሠራ ሥራ ነው። ጥቀርሻው እንደሚቀንስ እውነት ነው። ግን ለኢጂአር ተብሎ የተቀመረ ሞተር ኢጂአሩ ሲወሰድበት በዝቅተኛና መካከለኛ ጭነት የሚያወጣው ኖክስ በጣም ይጨምራል፣ ከኋላው ኤስሲአር ካለውም አድብሉ ይበላል። የጥቀርሻው መነሻ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያንጠባጥብ ኢንጄክተር፣ የሌለ ቴርሞስታት ወይም ዘይት የሚያሳልፍ ተርቦ ነው፤ ቆርቆሮው አንዳቸውንም አያድንም።

አድብሉውን መመርመር

አድብሉ ከመቶው 32.5 እጅ ዩሪያ፣ የቀረው ማዕድን የሌለው ውሃ ነው። ይህ ልክ የተመረጠው የመርጊያ ሙቀቱ ከሁሉም ዝቅ የሚለው፣ ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ፣ በዚህ መጠን ላይ ስለሆነ ነው። የደሴ ብርድ ስለማያረጋው እዚህ የታንኩ ማሞቂያ ቢሞት ፈሳሹ አይቆምም፤ ኮምፒውተሩ ግን ኮድ ይይዛል፣ አንዳንዱም ጉልበት ይቀንሳል። ለእኛ የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው። በ25 ዲግሪ 18 ወር የሚቆየው በ30 ዲግሪ 12 ወር፣ በ35 ዲግሪ 6 ወር ብቻ ይቆያል። የሚሌን ፀሐይ ሲጠጣ የከረመ ጄሪካን አድብሉ ነው ተብሎ አይሞላ።

በሪፍራክቶሜትር ሁለት ጠብታ አድርጉ፤ ከ31.8 እስከ 33.2 በመቶ ከሆነ ትክክል ነው። ከዚያ ግማሽ ብርጭቆ ቀድታችሁ በብርሃን እዩ፦ እንደ ውሃ ጥርት ያለ መሆን አለበት። ላዩ ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ካለ ናፍጣ ገብቶበታል፤ ናፍጣ ጎማ ማሸጊያዎቹን ያሳብጣል፣ ፓምፑንም ረጪውንም ከሥራ ያወጣል። በዚህ ጊዜ ቁልፍ ሳይከፈት ታንኩን ማውረድ ነው።

ለእርሻ የተገዛ ዩሪያ በቧንቧ ውሃ በጥብጦ መሙላት ብዙ ሰው የሚሞክረው ነገር ነው። ሪፍራክቶሜትሩ «ትክክል ነው» ሊል ይችላል፣ የሚለካው የዩሪያውን መጠን እንጂ ንጽሕናውን አይደለምና። በአድብሉ ውስጥ ባዩሬት የሚባለው ተረፈ ነገር ከ0.3 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ በማዳበሪያው ውስጥ 1 በመቶ ገደማ ይገኛል፣ ይህም ረጪው አፍ ላይ ድንጋይ ይሆናል። ካልሲየምና ማግኒዥየም እያንዳንዳቸው በኪሎ ከ0.5 ሚሊግራም እንዳይበልጡ ነው ደረጃው የሚያዘው፤ የቧንቧ ውሃ ይህን በብዙ እጥፍ ያልፋል። ማዕድኑ ካታሊስቱ ላይ ተቀምጦ ይቀራል፣ ታጥቦ አይወጣም። የጄሪካን ማዳበሪያ የካታሊስት ዋጋ ታስከፍላለች።

ማስቀመጫው ፕላስቲክ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን። ነሐስ፣ መዳብ፣ አልሙኒየምና ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ፈሳሹን ይመርዙታል፤ ናፍጣ በነካው መቅጃ መቅዳትም ያው ነው።

የፍጆታ ሒሳብ ያለ ስካነር ብዙ ነገር ይናገራል። ኤስሲአር ብቻ ያለው ዩሮ 5 መኪና ከናፍጣው ከ4 እስከ 6 በመቶ አድብሉ ይጠጣል። 300 ሊትር ናፍጣ ካቃጠለ ከ12 እስከ 18 ሊትር መውረድ አለበት። 3 ሊትር ብቻ ከወረደ አይረጭም ወይም ረጪው ተደፍኗል። 25 ከወረደ የሚያፈስ ቱቦ ወይም የማይዘጋ ረጪ ፈልጉ።

ፓምፑና ረጪው

ቁልፉ ሲዘጋ ፓምፑ በቱቦው ውስጥ የቀረውን አድብሉ ወደ ታንኩ መልሶ ይስባል፤ ይህ አንድ ሁለት ደቂቃ፣ አንዳንዱ ላይ ከዚያም በላይ ይፈጃል። ሾፌሩ ቁልፉን ዘግቶ ወዲያው የባትሪ ማጥፊያውን ከቆረጠው ፈሳሹ በጋለው ረጪ ውስጥ ይቀራል፣ ውሃው ይተናል፣ ነጩ ዩሪያ ይደርቃል። ደረቅ ወደብ ወረፋ ላይ ሲቆሙ ሞተር እያጠፉ ባትሪ የሚቆርጡ ሾፌሮች መኪና ላይ ረጪ ቶሎ ቶሎ የሚደፈነው በዚህ ነው። ለሾፌሩ ከመሪው አጠገብ ጻፉለት፦ የፓምፑ ድምፅ ሳይቆም ባትሪ አይቆረጥም።

ለመፈተሽ ረጪውን ከጭስ ቱቦው ፍቱ፣ የኤሌክትሪኩንና የፈሳሹን መስመር ሳትነቅሉ አፉን ወደ መለኪያው አዙሩ። መነጽርና ጓንት ልበሱ። በስካነሩ የመጠን ፈተናውን ሦስት ጊዜ አስኪዱ። ሦስቱ እርስ በርስ መቀራረብ፣ አምራቹ ከጻፈው መጠንም በ10 በመቶ ውስጥ መሆን አለባቸው። ዓይነቱንም እዩ፦ እንደ ጉም የሚበተን ጥሩ፣ እንደ ክር የሚፈስ መጥፎ ነው። ያለ አየር የሚረጩ ፓምፖች ግፊት ብዙ ጊዜ 9 ባር ገደማ ነው፤ ግፊቱ ከተንገዋለለ መጀመሪያ የፓምፑን ፊልትሮና የታንኩን መተንፈሻ እንጂ ፓምፑን አትክሰሱ።

የተደፈነ ረጪ 60 ዲግሪ በሞቀ ዲስትልድ ውሃ ውስጥ አፉን ብቻ ለግማሽ ሰዓት ንከሩት። ዩሪያ በሙቅ ውሃ ይሟሟል። ሽቦ ወይም መርፌ ቀዳዳው ውስጥ ማስገባት የርጭቱን ቅርጽ ለዘለዓለም ያበላሻል። በውሃ የማይሟሟ፣ እንደ ኖራ የጠነከረ ነገር ቱቦው ግድግዳ ላይ ካገኛችሁ ዩሪያው ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ባለ ሙቀት ሲጋገር የኖረ ነው። ከቱቦው ላይ ተፍቆ ይወጣል፤ ፍርፋሪው ወደ ካታሊስቱ እንዳይገባ ግን ቱቦውን አውርዱ።

የኖክስ ሴንሰሮች፣ ከመቀየራቸው በፊት

ሴንሰሩ ውድ ነው፣ ብዙ ጊዜም ያለ ጥፋቱ ይቀየራል። ፒ20ኢኢ የሚለው ኮድ የሚለው ካታሊስቱ የሚገባውን ያህል አልሠራም ነው፤ ማን እንደበደለ አይነግርም። ሦስት ፈተና አድርጉ።

በረጅም ቁልቁለት ናፍጣ ሳትሰጡ ሞተሩ ሲጎተት የፊቱም የኋላውም ሴንሰር ወደ ዜሮ መቅረብ አለበት፤ ምክንያቱም የሚቃጠል ነገር የለም። 60 ወይም 80 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) ላይ የሚቆም ሴንሰር ተሳስቷል።

ሁለተኛው፣ ርጭቱን በስካነሩ አቁማችሁ በጭነት ንዱ። ካታሊስቱ ውስጥ የተጠራቀመው አሞኒያ ሲያልቅ ሁለቱ ሴንሰሮች ተቀራራቢ ቁጥር ማሳየት አለባቸው። ልዩነቱ ከ15 በመቶ በላይ ሆኖ ከቆየ ከሁለቱ አንዱ ልክ አይደለም።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚጠቅመው ነው። የኋላው ሴንሰር አሞኒያንም እንደ ኖክስ ይቆጥራል። ርጭቱ ሲቆም የኋላው ቁጥር መጀመሪያ *ከወረደ* ችግሩ ኖክስ አይደለም፤ አድብሉ በዝቶ አሞኒያ ሳይሠራበት እያለፈ ነው፣ ሽታውም አፍንጫ ይሰረስራል። ቁጥሩ *ከወጣ* ግን ካታሊስቱ ሲሠራ ነበር፣ እጥረቱ የአድብሉ ነው።

መቀየር ግድ ከሆነ የቮልቴጁን ዓይነት እዩ፤ ለቤት መኪና 12፣ ለከባድ 24 ቮልት ነው፣ መልካቸው ተመሳሳይ ነው። ሴንሰሩ ከነሣጥኑ የተገጣጠመ ስለሆነ ገመዱን ቆርጦ መቀጠል አይቻልም። በሴንሰሩና በካታሊስቱ መካከል ያለው መጋጠሚያ ጭስ የሚያፈስ ከሆነም አየር ስቦ ቁጥሩን ያዛባል፤ ጥቁር ምልክት ፈልጉ።

ካታሊስቱ

ካታሊስት በአብዛኛው ይመረዛል ወይም ይቃጠላል እንጂ ዝም ብሎ አያረጅም። ሞተሩ ዘይት የሚበላ ከሆነ በዘይቱ ውስጥ ያለው ፎስፈረስና ዚንክ ፊቱ ላይ ይለበጣል፣ አይመለስም። ስለዚህ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ተርቦው ሳይሠራ አዲስ ካታሊስት አትግዙ። የዘይቱም ዓይነት አምራቹ የጠየቀው፣ አመድ የሚያንሰው ይሁን። ድኝ የበዛበት ናፍጣ ደግሞ በቀዘቀዘ ካታሊስት ላይ የአሞኒየም ጨው ይጋግራል፤ ይህኛው በከፊል ይመለሳል፣ በመዳብና ዜኦላይት በተሠሩት ላይ ከ500 ዲግሪ በላይ ሙቀት ያስፈልገዋል። በቫናዲየም የተሠሩት በተቃራኒው ከ550 እስከ 600 ዲግሪ ሲደርሱ ይጎዳሉ፤ ለእነሱ የሚያንጠባጥብ ኢንጄክተር ገዳይ ነው።

ኮምፒውተሩን በኢሙሌተር (የሐሰት ምልክት በሚልክ ዕቃ) አታልሎ ካታሊስቱን ማውጣት ከኢጂአር መድፈን ይብሳል። ኤስሲአር ብቻ ያላቸው ሞተሮች ናፍጣ እንዲቆጥቡ ተብሎ ነበልባላቸው ሆን ተብሎ ሞቅ እንዲል ነው የተቀመሩት፣ ኋላ ካታሊስቱ ያጠፋዋል በሚል። ካታሊስቱ ሲወጣ ያ ሁሉ ኖክስ እንዳለ ከተማ ውስጥ ይቀራል።

በሐረጎ መንገድ ላይ ማረጋገጥ

ጥገናው ካለቀ በኋላ መኪናውን ጭናችሁ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ውጡ፣ አንድ ሰው ስካነሩን ይያዝ። ከካታሊስቱ በፊት ያለው ሙቀት ከ200 ዲግሪ በታች እያለ ርጭት አይጀምርም፤ እስከዚያ ያለውን ቁጥር አትቁጠሩ። አቀበቱ ላይ ከ300 ሲያልፍ የፊትና የኋላውን ኖክስ በየግማሽ ደቂቃው አሥር ጊዜ ጻፉ። የፊቱ አማካይ 900፣ የኋላው 120 ቢሆን፣ 900 ሲቀነስ 120፣ ለ900 ሲካፈል 87 በመቶ ነው፤ በጣም ጥሩ። ከ80 በላይ የሆነ ይሂድ። ከ60 እስከ 80 ከሆነ ረጪውንና ፈሳሹን መልሱና እዩ። በ350 ዲግሪ ሙቀት፣ በትክክለኛ ርጭት፣ ጤነኛ በሆኑ ሴንሰሮች ከ60 በታች ከሆነ ብቻ ነው ካታሊስቱ የሚጠረጠረው።

ወደ ኮምቦልቻ ሲመለሱ ካታሊስቱ በቁልቁለቱ ይቀዘቅዛል፣ ርጭቱም ይቆማል፤ ያ ደህና ነው። ደህና ያልሆነው ከቁልቁለቱ በኋላ ሰዓታት በሚኒሞ መቆም ነው፦ ጭሱ ሞቅ ይላል ግን አይበቃም፣ ዩሪያው ይጋገራል። ወረፋው ከረዘመ ሞተሩ ይጥፋ። ለኢንዱስትሪ ፓርኩና ለፋብሪካዎች መጠባበቂያ ጄኔሬተሮችም ያው ሕግ ነው፤ ኤስሲአር ያለው ጄኔሬተር ለሙከራ ባዶውን ሲሠራ ካታሊስቱ ይደፈናል፣ ቢያንስ የአቅሙን ከ30 እስከ 40 በመቶ ጭኖ መሥራት አለበት።

የቤንዚን መኪና ሥራው አጭር ነው። በሦስት መንገድ የሚሠራው ካታሊስት ኖክሱን የሚያጠፋው በውስጡ ባለው ሮዲየም ነው፣ የሚሠራውም ቤንዚንና አየሩ በልክ ሲሆን ብቻ ነው። የፊቱ ኦክስጅን ሴንሰር በ0.1 እና 0.9 ቮልት መካከል ሲመላለስ፣ የኋላው በ0.6 እና 0.7 አካባቢ ረግቶ ከቆመ ካታሊስቱ በሕይወት አለ። የኋላውም አብሮ የሚመላለስ ከሆነ ሞቷል፣ ወይም ሆዱ ወጥቶ ተሽጧል። አዲስ ከመግጠማችሁ በፊት ካንዴላና ኮይሉን ፈትሹ፤ አንድ ሲሊንደር የማያነሣ ከሆነ ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊስቱ ውስጥ ነድዶ ሴራሚኩን ያቀልጠዋል።